ሙሉ ነው

ይድረስ ለወንድሜ ለጌዴዎን፣
ናዝሬት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሊገባ ሲል የሚነሳብህ የቀኝ እጅህ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረህ ወይስ ገና ደመናውን ሲያይ ጀመረው? እናታችንስ እንዴት ናት? ዓይኗን ልታሳይ እንደምትሄድ ባለፈው ደብዳቤህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ሄደች ወይስ እንደ ልማዷ "ሲሻለኝ እሄዳለሁ" ብላ ቀረች? እትዬ አሰገደችስ ደህና ናት? ልጆችህስ፣ ቤዛ ትምህርቷን፣ አብኔር የሚነቃነቅ የወተት ጥርሱን እንዴት አደረጉት? ጥያቄ እንዳበዛሁብህ አውቃለሁ። የእናንተን ደህንነት ደጋግሜ ስጠይቅ የራሴን ቤት ጉዳይ ለጥቂት ጊዜ እረሳዋለሁ፣ ለዚያ ነው።

"እኛም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን" ብዬ ልቀጥል ብዕሬን አስተካክዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም፣ ጋሼ። ፈርቻለሁ። ፈሪነቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀዋለህ፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከኋላህ እደበቅ የነበርኩት እኔው ነኝ። የአሁኑ ግን ያ ዓይነት አይደለም። ሰው ሲያናግረኝ ሁለቴ ካልተጠራሁ አልሰማም። ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ቤተሰቡን ሰብስበህ ጮክ ብለህ እንዳታነብበው። ለእናታችን ሰላምታውን ብቻ አንብብላት፤ የቀረውን ጋራዥ ወስደህ ለብቻህ አንብበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልማዜ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ይህን ታውቃለህ። የማታውቀው ልጁ ሆዷ ውስጥ አግድም መተኛቱን ነው። ያገኘችው አዋላጇ ሲስተር ኛዱዎት ናት። የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ኑዌር ናት፤ አማርኛዋ አጭር ነው፣ እጇ ግን ብዙ ያውቃል። የአልማዜን ሆድ ግራና ቀኝ ዳብሳ ስታበቃ ወደ ውጭ ጠራችኝና "ጭንቅላት እዚህ፣ እግር እዚህ። እንዲህ ሆኖ አይወለድም፤ መቀደድ አለባት" አለችኝ። እዚህ የሚቀድ ሐኪም በዚህ ወር የለም፤ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዷል። ያለው መፍትሔ ወደ መቱ መውሰድ ነው። አውሮፕላኑ ወሯ የገፋ ሴት አያሳፍርም። የጭነት መኪናዎቹም ዝናብ ከጀመረ ወዲህ አንድ ሳምንት ይመጣሉ፣ አንድ ሳምንት ይቀራሉ። ስለዚህ ሰኔ ሦስት ቀን በመሥሪያ ቤቱ አምቡላንስ ተወስዳ መቱ ቤት ተከራይታ ቀኗን እንድትጠብቅ ተወሰነ። ምጡ ከዚያ በፊት ከመጣ ግን በመጣ ሰዓት መሮጥ ነው። አምቡላንሷን የምነዳው እኔ ነኝ። የምጠግናትም እኔው ነኝ።

አምቡላንሷን አይተሃት አታውቅም። ክልሉ ራሱን ችሎ መሥሪያ ቤቶቹ ሲቋቋሙ በእርዳታ የመጣች፣ በናፍጣ የምትሠራ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ቱርቦ ያላት መኪና ናት። ዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ በመስታወት ወደ ኋላ ባይ መንገዱ ላይ ስስ ጭስ ተጋድሟል። አቧራ ነው እንዳልል ሲዘንብ ነው ያደረው። ወርጄ አየሁት። ጥቁር ቢሆን ኖሮ ነዳጅ በዝቶ ወይም ፊልትሮ ታፍኖ ነው ብዬ መንገዴን እቀጥል ነበር። ነጭም ቢሆን ውኃ ገብቶ ነው፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን ልፈትሽ እል ነበር። ሰማያዊ ነው፣ ጋሼ። ሽታው የተቃጠለ ዘይት ነው። ክው ብዬ ቀረሁ።

ለምን እንደዚያ እንደደነገጥኩ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1978 ዓ.ም. ያቺ ወደ ወሎ እህል የምታመላልስ ባለ ቱርቦ የጭነት መኪና ጋራዥህ ውስጥ ዘይቷ ተቀይሮ ልትወጣ ስትል፣ ቁልፉ ተዘግቶም ሞተሩ አልቆም አለ። ነዳጁ ተዘግቶበት እያለ የራሱን ዘይት በአየሩ በኩል እየሳበ ይጠጣ ነበር። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞልቶ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሳይ፣ አንተ የቱርቦውን አፍ በማዳበሪያ ከረጢት ልትደፍን ሮጥክ፤ ከረጢቱን ከነሁለት ጣቶችህ ወሰደው። ሞተሩ ቆመ። አንተ የሚደማ እጅህን አፍነህ እንደያዝክ መጀመሪያ የተናገርከው "ሁለተኛ እንዲህ ካበደ እጅህን እንዳታስገባ፤ ትልቁን ማርሽ አስገባና ፍሬኑን ረግጠህ ፍሪሲዮኑን ልቀቀው፣ ታንቆ ይጠፋል" የሚል ነበር። ጣቱ የተቆረጠ ሰው ትምህርት ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እንግዲህ ያስተማርከኝን ሁሉ አደረግሁ። መጀመሪያ ጭሱ መቼ መቼ እንደሚመጣ ተከታተልኩ። ጠዋት ሲነሳ እፍ ብሎ የሚጠፋ ቢሆን የቫልቮቹ ጎሚኒ ነው እል ነበር፤ ይህኛው ግን ቀኑን ሙሉ አለ፣ ጭነትና ዳገት ሲገጥማት ደግሞ ይብስበታል። የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው አልቆ እንደሆነ ብዬ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩ፤ ትንሽ ይተነፍሳል፣ ጉልበቷ ግን አልቀነሰም። ከዚያ ወደ ቱርቦው የሚገባውን የጎማ ቱቦ ፈታሁ። ጣቴን ስሰድ እስከ ሁለተኛው አንጓ ዘይት ነው። የቱርቦውን እንዝርት ይዤ ወዘወዝኩት፤ ወደ ጎን እንደ ጤነኛ ትንሽ ይላል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ንቅንቅ የለም። እሱ ጤነኛ ከሆነ ዘይቱ ከየት መጣ? ቱቦውን መልሼ አሰርኩና እጄን በናፍጣ ታጥቤ ማንም ሳያየኝ ከግቢው ወጣሁ።

ከሁሉ በላይ ግራ የገባኝ ዘይቱ አለመጉደሉ ነው። እንዲህ የምታጨስ መኪና ዘይት መጉደል አለባት። አልማዜ ከአልጋ እንዳትነሳ ከታዘዘች ወዲህ ጠዋት ውኃ የምቀዳውም ቁርስ የምሠራውም እኔ ስለሆንኩ ሥራ የምገባው እያረፈድኩ ነው። በዚህ የተነሳ ገና ጭሱ ሳይጀምር ለግቢያችን ጠባቂ ለአቶ አጓ የዘይት መለኪያ ዘንጓን አሳይቼ "በየጠዋቱ ሙሉ መሆኗን ይዩልኝ" ብያቸው ነበር። አቶ አጓ አኙዋክ ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ አንዴ የተነገራቸውን ነገር የማይረሱ ሰው ናቸው። የግቢውን በር ሲከፍቱልኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚሉኝ "ሙሉ ነው" ነው። አንድ ቀን እንኳ ጎደለ ብለውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ ራሴ ከመንገድ ገብቼ ዘንጓን ስስባት ከሁለቱ የልክ መስመሮች በላይ ሁሉ ዘይት ተለቅልቃ ወጣች፤ ሞተሩ ገና አሁን ስለጠፋ ተረጭቶባት ነው ብዬ ጠረግኋት። ደግሜ ላያት ስል አለቃችን ጠሩኝና መልሼ ሰክቻት ሄድኩ። ዘይት ይቃጠላል፣ ዘይት አይጎድልም። ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

አሁን ወደ ጭንቄ ልምጣ። ለመሥሪያ ቤቱ ጭሱን ብናገር መኪናዋ ወዲያው ቆማ ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ትላካለች፤ ከዚያ አልማዜን በምን እወስዳታለሁ? ባልናገር ደግሞ በመቱ መንገድ ያለችውን የቡሬን ዳገት ሚስቴንና ልጄን ከኋላ አስተኝቼ በማትታመን መኪና ልወጣ ነው። ያበደ ሞተር ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርግ አንተ ታውቃለህ። እስካሁን ዝም ብያለሁ። አለቃችን ጠይቀውኝ "መንገዱ እርጥብ ስለሆነ እንፋሎት ነው" አልኳቸው፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። አልማዜም እኔን ስታይ ስለ ልጁ የምጨነቅ እየመሰላት ታጽናናኛለች። እሷ ስታጽናናኝ የባሰ እፈራለሁ።

እባክህ ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ቱርቦው ነው ወይስ ፋሻው በል፤ ልክፈተው ወይስ አልንካው በል። መልሱን አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደህ ወደዚህ ለሚመጣ ተሳፋሪ ስጥልኝ። ልፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው የለኝም።

ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ግንቦት 24 ቀን ነው። አጥፌው አውሮፕላን ማረፊያ ወሰድኩት፤ አውሮፕላኑ ከደመናው በላይ ሁለቴ ዞሮ ሳያርፍ ተመለሰ። ስለዚህ ኪሴ ውስጥ ቀረ። በወረቀቱ ዳር የምታየው ቡናማ እድፍ ዘይት ነው፤ እንዴት እንደነካው እነግርሃለሁ። አልማዜ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው፤ ለኔ ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

ግንቦት 27 ቀን ጠዋት ገንፎ እያገነፋሁ አልማዜ ስሜን ጠራችኝ። አጠራሯ ሌላ ነበር። ዞሬ ሳያት የአልጋውን ብረት ይዛ ቆማለች፣ ከንፈሯን ነክሳለች። ገንፎውን እሳት ላይ ትቼ ሮጥኩ። ኛዱዎት መጥታ አየቻትና "አሁን" ብቻ አለች። መሥሪያ ቤት ደርሼ በሩን ስደበድብ አቶ አጓ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው። ቁልፉን ከቢሮ ይዤ ስመለስ ከመኪናዋ አጠገብ ነበሩ፤ ኮፈኑን እየዘጉ "ሙሉ ነው" አሉኝ። ጆሮዬም አልሰማ፤ ገብቼ አስነሳሁ። ሰማያዊው ጭስ ግቢውን ሞላው። ሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ አለቅስ ነበር።

አልማዜንና ኛዱዎትን ከቤት አሳፍሬ ወጣሁ። እስከ ቦንጋ፣ የከፋው ሳይሆን እዚሁ አጠገባችን እስካለው ቦንጋ፣ ሜዳ ነው፤ ደህና ሄድን። ኛዱዎት ከኋላ አልማዜን ይዛታለች፤ በየጥቂቱ ስታቃስት እሰማለሁ። እኔ አንድ ዓይኔ መንገድ ላይ፣ አንድ ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነው። ጭሱ እየወፈረ ሲመጣ መንገዱ ከኋላችን ጭራሽ አይታይም። ቦንጋን አልፈን ወደ ቡሬ የሚወጣው ዳገት ጀመረ። ሁለተኛውን መታጠፊያ እንደጨረስን ከባድ ድንጋይ ስላየሁ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። መኪናዋ አልቀዘቀዘችም።

ጋሼ፣ ያን ቅጽበት እንዴት ልጻፍልህ። እግሬ በአየር ላይ ነው፣ መኪናዋ ግን ዳገቱን እየፈጠነች ትወጣለች። የሞተሩ ድምፅ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። አወቅኩት። አሥር ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ያው ድምፅ ነው። ቁልፉን አጠፋሁ፤ አልሰማም። ደንግጬ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፤ ያን ጊዜማ ሞተሩ ልክ ያለፈ ጩኸት ጮኸ፣ መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ። በግራ በኩል ገደል ነው። አልማዜ ከኋላ "ወንዳፍራሽ" አለችኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ያንተ ቃል መጣልኝ። ራሴ ያሰብኩት አይምሰልህ፤ እኔ ማሰብ አቁሜ ነበር፣ እጄ ነው ያስታወሰው። አምስተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንቀጥቅጣ ዘለለችና ታንቃ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጸጥታ ከጩኸቱ ይብስ ነበር። በሩን ከፈትኩ። ኛዱዎት ቀድማኝ ወርዳ ከጎማው በታች ድንጋይ አስገባች። አልማዜ ምን ሆነ ስትል "ጎማ ነው" አልኳት። "ጎማ አይጮህም" አለችኝ። እንዲያ ሆና እንኳ አትሸወድም። በዚያ መንገድ ላይ በዚያ ጠዋት የሚያልፍ መኪና አልነበረም። ቆመን ብንጠብቅ እስከ መቼ? ኛዱዎትን በዓይኔ ጠየቅኳት፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ጊዜ የለም ማለቷ ነው።

ያስተማርከኝን ሁሉ አደረግሁ ብዬ ከላይ ጽፌልሃለሁ። ውሸት ነበር፣ ጋሼ። የመጀመሪያውን አላደረግሁም። "ከሁሉ በፊት ዘንጓን ራስህ አውጣ፣ ጥረግ፣ አስገባ፣ እንደገና አውጣ" ትለኝ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ ትንሽ እስኪረጋ ጠበቅኩና ዘንጓን ሳብኳት። ከላይኛው መስመር አልፎ አንድ ጋት ዘይት ነው። በሸሚዜ ጠረግሁ፣ አስገባሁ፣ አወጣሁ፤ አንድ ጋት። ዳገቱ ቢያሳስት እንኳ ይህን ያህል አያሳስትም። በሸሚዜ ስጠርጋት ነው ኪሱ ውስጥ የነበረው ይህ ደብዳቤም የተነካው። ዘንጓን ይዤ እንደቆምኩ "ሙሉ ነው" የሚለው ድምፅ በጆሮዬ መጣ። አቶ አጓ ዘንጓን ሲያዩ ከሁለቱ መስመሮች በላይ ያለው ደረቅ ብረት ለእሳቸው ጎዶሎ ነበር። ለጀሪካን፣ ለእንስራ፣ ለበርሜል ሙሉ ማለት እስከ አፉ ነው። እኔ "ሙሉ መሆኗን ይዩልኝ" አልኳቸው እንጂ በሁለቱ መስመሮች መካከል መቆም እንዳለበት አልነገርኳቸውም። የዘይቱ በርሜል እሳቸው በሚጠብቁት መጋዘን ውስጥ ነው። በየጠዋቱ የጎደለ የመሰላቸውን ሞሉልኝ። የተረፈውን ዘይት ሞተሩ እየናጠ በመተንፈሻው ወደ ቱርቦው ይልከው ነበር፤ ዳገት ላይ ስትጋደም ደግሞ በአንድ ጊዜ ዋጠችው። ቱርቦው አልታመመም። ፋሻውም አላለቀም።

መኪናዋ ስር ገብቼ የዘይት ማጠራቀሚያውን፣ የካርተሩን ብሎን ፈታሁ። ትኩሱ ዘይት አንጓዬን ላጠው፤ ያን ሰዓት አልተሰማኝም፣ ዛሬ ነው የሚያቃጥለኝ። የኛዱዎትን መታጠቢያ ሳህን ሁለቴ ሞላ። ዘንጓን ደጋግሜ እያየሁ ከሁለቱ መስመሮች መካከል ሲደርስ ዘጋሁ። የጎማ ቱቦዎቹን ፈትቼ ያቆረውን ዘይት ደፋሁ፣ በኛዱዎት የቁስል ፋሻና ጥጥ ውስጡን ጠርጌ መልሼ አሰርኳቸው። ከዚያ የቀረው ቁልፉን መልሶ ማዞር ነው። እዚያ ላይ ቆምኩ።

ቁልፉን ማዞር አቃተኝ፣ ጋሼ። እንደገና ቢያብድስ? ለኛዱዎት አልማዜን ደግፈን አውርደን ከዛፉ ስር እናስቀምጣት፣ ካስነሳሁ በኋላ ትግባ አልኳት። ኛዱዎት አልማዜን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። "እሷ አትወርድም። አንተ አስነሳ" አለችኝ። ከመሣሪያዎቿ የብረት ትሪውን አምጥቼ በአየር መግቢያው አጠገብ አስቆምኳትና ካበደ በዚህ ድፈኚው፣ እጅሽን ግን እንዳታስገቢ ብዬ አስጠነቀቅኳት። ሦስት ጊዜ ነገርኳት። "ሰምቻለሁ" አለች። ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩት።

ተነሳ። መጀመሪያ ግቢ ሙሉ የሚሆን ሰማያዊ ጭስ አወጣ፤ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው ውስጥ የቀረው ዘይት ነው ብዬ ራሴን ያዝኩ። ድምፁ ግን ያው ዝቅ ያለው ጤነኛ ድምፅ ነበር። ነዳጅ ስሰጠው ወጣ፣ ስተወው ወረደ። ስተወው ሲወርድ ነው እንባዬ የመጣው። ቡሬ ስንደርስ ጭሱ ሳስቶ ነበር፣ ጎሬ ላይ በመስታወት ወደ ኋላ ባይ መንገዱ ብቻ ነው የሚታየኝ። መቱ ከቀትር በኋላ ደረስን። አልማዜን ወዲያው አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ ዘይት በዘይት ሆኜ ስጠብቅ ሰዎች ከአጠገቤ እየተነሱ ይሄዱ ነበር፤ ሽታዬ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ አንዲት ነርስ ወጥታ ሴት መሆኗን ነገረችኝ። እናቷስ ስላት "ደሟ ፈሷል፣ ግን ትተርፋለች" አለችኝ። ላመሰግናት እጇን ልይዝ ስል ዘይቴን አይታ ሸሸችኝ።

እናትና ልጅ አሁንም መቱ ናቸው፣ ኛዱዎት አብራቸው ቆይታለች። እኔ መኪናዋን ለመመለስ ብቻዬን ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ለአቶ አጓ የምላቸውን ሳዘጋጅ ነበር። ሦስት ነፍስ ሊያጠፉ እንደነበር፣ ያልገባቸውን መጠየቅ እንዳለባቸው፣ ብዙ ነገር። ግቢው በር ስደርስ ሮጠው መጡ። እንዲያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። "ልጁ?" አሉኝ። ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አልኳቸው። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ቆይተው መኪናዋን በእጃቸው ዳብሰው "ጥሩ ሄደ? ያን ቀን መንገድ ሩቅ ነው፣ ሴትየዋ ታማለች ብዬ ብዙ ጨመርኩ። ሙሉ፣ ሙሉ" አሉኝ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ከአፌ የወጣው "ትንሽ አስቸግራን ነበር። ቱርቦው ነው" የሚል ነው።

ይህን ብዬ አፌን ከመዝጋቴ ደነገጥኩ፣ ጋሼ። ዳገቱ ላይ ከደነገጥኩት በላይ። ቃሉ የኔ አልነበረም። ያንተ ነው። በ1978 እጅህ በነጭ ተጠቅልሎ ከሐኪም ቤት ስትመለስ፣ እኔ አጥር ስር ተጣጥፌ ተቀምጬ ሳለሁ፣ መጥተህ ከላዬ ቆመህ "ቱርቦው ነው፣ ቱርቦው ነው" ያልከኝ አንተ ነህ። ለመኪናው ባለቤትም ያልከው ይህንኑ ነው። አሥር ዓመት እንደዚያ አመንኩ። አሁን ግን ያን ጠዋት ዘይቱን የጨመረው ማን እንደነበር አስታወስኩ። እኔ ነበርኩ። ሹፌሩ መንገዱ እስከ ወሎ ነው ስላለኝ ሩቅ ነው ብዬ በቆርቆሮው የተረፈውንም ገለበጥኩበት። አንተ ከውጭ ሆነህ "ዘይቱስ?" ስትለኝ ዘንጓን ሳላወጣ "ሙሉ ነው" አልኩህ። ሌላም አስታወስኩ። ያን ቀን ለኔ ከመናገርህ በፊት በደህናው ግራ እጅህ ከመኪናዋ አንድ ነገር ስበህ አወጣህ፣ በጨርቅ ጠርገህ መለስክ፤ እንደገና አወጣህ፣ አየኸው፣ መለስከው። ቱርቦውን የምታይ መስሎኝ ነበር። ቱርቦ በጨርቅ አይጠረግም።

ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር፣ አንድ ቀን አልነገርከኝም። ሙያውን ጨርሰህ አስተማርከኝ፣ ለዚህ ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፍክልኝም በዚያችው በጎደለች እጅህ ነው። እኔ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር በየደብዳቤው "እጅህ እንዴት ነው?" እያልኩ እጠይቅሃለሁ።

ለአለቃችን ጭሱን ሦስት ሳምንት መደበቄን ነገርኳቸው፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፣ ይገባኛል። ዘይቱን ማን አበዛው ሲሉኝ እኔ ነኝ አልኩ፤ ይህ ውሸት አይደለም። ከአቶ አጓ ጋር አሁን በየጠዋቱ ዘንጓን አብረን እናወጣለን። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱን መስመሮች በጥፍሬ እያሳየሁ ከዚህ እስከዚህ ነው ሙሉ አልኳቸው። ዘንጓን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋት። አልጠየቁኝም፣ እኔም አላብራራሁም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ "ሙሉ ነው" አይሉኝም፣ "ና እይ" ይሉኛል።

አልማዜ የልጅቷን ስም ሩሐማ ብላታለች። ምሕረትን ያገኘች ማለት ነው ይላሉ። እሷ ያወጣችው ስለ ዳገቱ ነው፤ እኔ ስጠራት ሌላም ይታወሰኛል።

ለእናታችን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ የልጅ ልጅ ማግኘቷን ንገራትና ስለ ዳገቱ አትንገራት። እትዬ አሰገደችን በጣም ናፍቄያታለሁ በልልኝ። ቤዛን ግንባሯን፣ አብኔርን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ ጋራዥ ውስጥ የሚያጠፋው ነገር ካለ አትቆጣው ልልህ ነበር፣ ለካ አንተ አትቆጣም። አልማዜ ከተኛችበት ሰላም ብላሃለች። ያቺን ሁለት ጣት የጎደለባትን ቀኝ እጅህን እኔ ራሴ መጥቼ እስክስማት ድረስ፣ እስከዚያው በዚህች በዘይት በቆሸሸች ወረቀት ላይ ስሜያታለሁ።

ታናሽ ወንድምህ
ወንዳፍራሽ

ጋምቤላ፣ ሰኔ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.